ፕሮጀክተሩ የዋጠው ጉም

ፈሪ ነኝ። ለትሕትና አይደለም የምለው፣ እውነቴን ነው። ሌላው ሰው አዳራሽ ሲገባ ወንበር ይፈልጋል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው አየሩ ወዴት እንደሚነፍስ ነው። እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ማትናስ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማትናስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ቤት ነው፤ ጠዋት አሮጊቶች ስፖርት ይሠሩበታል፣ ከሰዓት ልጆች ይጨፍሩበታል፣ ስብሰባውም መታሰቢያውም እዚያው ነው። መብራቱም ድምፁም ፕሮጀክተሩም የኔ ጣጣ ናቸው።

ሥራውን ያስተማረኝ ከሩሲያ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ አፉ ቁጡ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ የሞተ ፕሮጀክተር ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ ጠበቀኝ። ውስጡ ያለውን መስተዋት በጣቴ አስነካኝ። ጣቴ ተጣበቀ፣ የሆነ ጣፋጭ ነገርም ሸተተኝ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ በዕብራይስጥ።

ዘይት መስሎኝ ነበር። "የሠርግ ጭስ ነው" አለ። ሙሽሮች አዳራሽ ሲገቡ ከእግራቸው ሥር የሚነሣውን ነጭ ጉም ማለቱ ነው። ያ ጉም ውኃና እንደ ሽሮፕ ያለ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ሲፈላ የሚወጣ ነው። ለዓይን ያምራል። ፕሮጀክተር ግን እንዳይግል በማራገቢያው አየር ይስባል፣ አየሩን ሲስብ ጉሙንም ይስባል። ጉሙ መጀመሪያ ማጣሪያውን ያርሰዋል። የራሰ ማጣሪያ አቧራ ይይዝና ይደፈናል፣ ማሽኑ ይታፈናል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ማጣሪያውን አልፎ የገባው ደግሞ መስተዋቱና ሌንሱ ላይ ይደርቅና ምስሉን ሁሉ ወተት ያስመስለዋል። "ጭስ እናድርግ ሲሉህ አንድ ቃል ነው የምትመልሰው፣ ሎ" አለኝ።

ሎ፣ ማለትም እምቢ፣ ለሱ ቀላል ነው። እኔን ያሳደጉኝ "እሺ ይበልጣል ከሺህ" የሚሉ ሰዎች ናቸው።

እናቴ ሮቫ ቫቭ ነው የምትኖረው፣ አሳንሰሩ ሲሠራ ጎረቤት ሁሉ በሚገረምበት ሕንፃ ላይ። እኔ የተወለድኩት እዚህ አገር ነው። ከኔ በፊት ግን ሴት ልጅ ነበረቻት። ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። በሽታው ምን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም፣ ትኩሳት ነው ተባለ። ሁለት ወንዶች ተሸክመው ወስደው ቀበሯት። አልተለቀሰላትም። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ተሸሽገው ነበር የሚኖሩት፤ ሰው ተሰብስቦ እንደ ወጉ ቢያለቅስ ይታወቅባቸዋል። "ነጠላዬን ነክሼ አደርኩ" ትላለች እናቴ፣ ሌላ አትጨምርም። እዚህ ከመጣችም በኋላ ለቅሶ የሚደርሳት አልተገኘም፣ ሁሉም የራሱን ሞት ይዞ ነው የመጣው። እንዲህ ሆና እህቴ ሳይለቀስላት አርባ ዓመት ያህል ቆየች።

ፎቶ አልነበራትም። ታዲያ አንድ ዓመት፣ በሱዳን መንገድ የቀሩት የሚታሰቡበት ቀን ሲቀርብ፣ የሰፈራችን ኮሚቴ የሟቾቹን ፎቶ በትልቁ ሸራ ላይ እናሳይ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ያለውን ፎቶ እያመጣ ኮምፒውተር ውስጥ የማስገባው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሮቫ ዩድ አንዲት አሮጊት መጡ። ይዘውት የመጡት ፎቶ መጠለያው ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ያነሣችው ነው፤ ድንኳን ፊት የቆሙ ሰባት ልጆች። መካከል ያለው የሳቸው ልጅ ነው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጫፉ ወሰዱና "ይቺ የናንተዋ ናት፣ አታውቃትም?" አሉኝ።

ፊቷ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያንሳል። ጀሪካን ይዛለች፣ ፀሐዩ ዓይኗን አጥብቦታል። ከየት ላውቃት። ግን አገጯ የእናቴ አገጭ ነው። ሴትየዋን አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ረስቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ያን ዕለት ማታውን እናቴ ጋ ሄድኩ። ስልኬ ላይ አሳየኋት። የእናቴን ዓይን የውስጡ ግፊት በልቶታል፤ የኩፓት ሆሊሙ፣ የጤና ጣቢያው፣ ሐኪም ክረምት ሲገባ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለዪው ብሏታል። ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችና "ጥላ ነው" አለች። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና "ሻሿ እንዴት ነው የታሰረው?" አለችኝ።

"ወደ ኋላ ነው፣ አንዱ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።"

"እኔ ነኝ ያሰርኩላት" አለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ላድርግልሽ፣ ትልቅ ይሆንልሻል አልኳት። እጇን አወናጨፈች። "ለብቻዬ አላያትም። ለብቻ ይለቀሳል እንዴ? እነዚያ እዚያ ከኔ ጋር የነበሩት ባሉበት፣ ሰው ባለበት ነው የማያት።" እነዚያ የምትላቸው ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ይጎድላሉ። የሷም ዓይን ክረምትን አይሻገርም። ያለችን ያቺ ቀን ብቻ ነበረች። "ሸራው አራት ሜትር ነው፣ ፊቷን ብቻ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ካንቺ ቁመት ይበልጣል፣ ታያታለሽ" ብዬ ቃል ገባሁላት። አፌን በቆረጠው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ከመታሰቢያው አሥር ቀን በፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠሩኝ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ በዚያ ዘመን ሕዝቡን እየመሩ ድንበር ያሻገሩ ሰው ናቸው፤ ጭራቸው ከእጃቸው አይለይም። እኔ ቆሜ፣ እሳቸው ተቀምጠው።

"በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ያየሁትን ጉም ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

"አውቀዋለሁ አባ።"

"እሱን አምጣልኝ። ከመንደር የወጣን ዕለት ጉም ነበር። ጉሙ ባይኖር ወታደሮቹ ያዩን ነበር፣ አንተም ባልተወለድክ። ተማሪዎቹ እንደኛ ጓዛቸውን ይዘው በጉሙ ውስጥ ይለፉ፣ ሕዝቡ ይየው።"

ሎ የምትለዋ ቃል ጥርሴ ድረስ መጥታ ነበር። "አባ፣ ጉሙ እኮ ለማሽኑ ጥሩ አይደለም፣ ፎቶዎቹን የሚያሳየው ማሽን" ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "የምናስበው ማሽን ነው ወይስ ሰው?" አሉ።

"እሺ አባ" አልኩ።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን ስሰድብ ቆየሁ። ለሩሲያው ሽማግሌ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ግን እሱ አያውቅም።

የጉሙን ማሽን ሠርግ ላይ ሙዚቃ ከሚያጫውት ሰው ተዋስኩ። መሬት ለመሬት የሚሄደውን አምጣ ብዬው እያሳለ የሚተፋ አሮጌ አመጣልኝ። ሞከርነው። ጉሙ ከመድረኩ ተነሣ፣ ትንሽ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ መጣ። ለካ ማዝጋኑ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ አየሩን መልሶ የሚስብበት ቀዳዳ ልክ ከፕሮጀክተሩ መደርደሪያ በላይ ነው። ሃያ ዓመት እዚያ ስሠራ ያንን ቀዳዳ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ዘዴ አበጀሁ። ጉሙ መጀመሪያ ላይ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይለቀቃል፤ እስኪጠራ ድረስ ማዝጋኑ ተዘግቶ ይቆያል፤ የጎን በሮች ይከፈታሉ። የቤቱ ጠባቂ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ለጊዜው ሊያጠፋና የእሳት ማጥፊያ ይዞ ሊቆም ተስማማ። አዲስ ማጣሪያ ገዝቼ አስገባሁ። ይህን ሁሉ አድርጌም ልቤ አላረፈም፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ።

የፎቶዎቹ ተራ ደግሞ አለ። ኮሚቴው ታላቅ ይቅደም አለ፤ በዕድሜ ትልቅ የሆነ ሐዘንተኛ የሱ ሟች ቀድሞ ይታያል። እናቴ ሰባ ገና መድረሷ ነው። እኩዮቿ ሦስት ነበሩ፣ ከነሱ አስቀድሜ ባስገባት ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ቁልፉ በእጁ ስለሆነ የራሱን አስቀደመ እንዳይሉኝ ፈራሁ። መጨረሻ አደረግኋት፣ ሠላሳ አንደኛ። ያን ጊዜ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ፤ ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ ከኋላ ልጆቻቸው። ውጭው ያ የባሕሩ ወበቅ ነው፣ ልብስ ገላ ላይ የሚያጣብቀው። እናቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ከአዳራሹ ኋላ ወዳለው የፕሮጀክተሩ መቆሚያ ወጥቼ ቁልቁል ሳያት ዞር አለች። ልታየኝ እንደማትችል አውቃለሁ። ቢሆንም እኔ ወዳለሁበት ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ጉሙን ለቀቅሁት። ተማሪዎቹ እንስራና ጥቅል ይዘው በውስጡ አለፉ። አንድ ሽማግሌ "ልክ እንዲህ ነበር" ሲሉ ተሰማ፣ ከዚያ ሲያለቅሱ። ሰብሳቢው ልክ ነበሩ ማለት ነው። ያም አናደደኝ። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ አጠፋሁት። ጉሙ ግን በወገብ ልክ ተንሳፍፎ ቀረ፣ በሮቹ ቢከፈቱም ከውጭ የሚገባ ንፋስ አልነበረም። ሰዉ በወረቀት ማራገብ ጀመረ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ያዙ።

"ልጄ፣ ማዝጋኑን ክፈተው፣ እናቶች ታፈኑ።"

"ትንሽ ይታገሡ አባ" አልኩ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ደገሙት። ሁለት መቶ ሽማግሌና ባልቴት ዞሮ አየኝ። ከፈትኩት።

ጉሙ ከወለሉ ተነሣ። ጥቂት በጥቂት ተሰብስቦ፣ በሰዉ ራስ ላይ አልፎ ወደኔ መጣ። የምሸሽበት የለ፣ የማግደው በምን። ማራገቢያው ሲስበው፣ ነጩ ነገር በማሽኑ ጎን ባሉት ክፍተቶች ሲገባ አየሁት። ያንን ጣፋጭ ሽታ አፌ ውስጥ ቀመስኩት።

ፎቶዎቹ ተጀመሩ። እኔ ለያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ሞኝ ነኝ። ምስሉ ሲወጣ ቤተሰቡ ይነሣል፣ እናት ወይም እህት ሟቹን በስሙ ትጠራለች፣ ሌላው ይቀበላታል። ሰብሳቢው ጭራቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ጭራው እስኪወርድ ማን ደፍሮ ፎቶ ይቀይራል? የመጀመሪያው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ብርቱካናማዋ የፕሮጀክተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ጋለ ማለት ነው። መዳፌን አየር በሚወጣበት በኩል ሳስጠጋው ለበለበኝ። የመታሰቢያውን ወረቀት አጥፌ እያራገብኩ ቆምኩ። ምስሉ እየገረጣ ነበር።

ሃያኛው ላይ ያሰብኩትን ልናገር። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ፣ ወደ ሠላሳ አንደኛው ልዝለል አልኩ። ተሳስቼ ነው እላለሁ። የአሥር ቤተሰብ ሙታን ይቅሩ፣ የኔዋ ትታይ አልኩ። አላደረግሁትም። ደግ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ጭራው ወደ ላይ ነበር፣ ፈራሁ።

ሃያ ዘጠነኛው ላይ ጠፋ።

አዳራሹ ጨለመ፣ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ቀረ። "መብራት ሄደ" አለ አንድ ሰው። ክዳኑን ከፍቼ ማጣሪያውን ሳወጣው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ርሶ ነበር። ወረወርኩት። ያለ ማጣሪያ ማስነሣት ማሽኑን መግደል ነው፣ ይግደለው። ግን እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ቆሜ ጠበቅሁ። ከታች ሰዉም ጠበቀ፣ አንድም ወጥቶ የሄደ የለም። እናቴ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ኖሬ ኖሬ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም፤ ሮኬት ሲመጣ ደረጃ ሥር ገብተን ስንቀመጥ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ተነሣ። ሃያ ዘጠነኛውና ሠላሳኛው ደብዝዘው አለፉ፤ ቤተሰቦቹ አንገታቸውን አስግገው "እሱ ነው፣ እሱ ነው" ተባባሉ። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ።

ነጭ። አራት ሜትር ሙሉ ነጭ። ሌንሱን በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ በሥራችን ነውር ነው፣ ጠረግሁት። ወተቱ ያለው ከውስጥ ነበር። ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ ዓይኖቿ ናቸው። ሻሿ ከነጩ ጋር ተደባልቋል። መቶ ጊዜ አይቻት ስለነበር የት እንዳለች አውቅ ነበር፤ ሌላ ሰው ምንም አያይም።

እናቴ ተነሣች። ጭራው ወደ ላይ ወጣ። እሷ ሸራውን ትመለከታለች፣ እኔ የሷን ማጅራት።

"አየኋት" አለች።

ከዚያ የእህቴን ስም ጠራች። ያንን ስም በሰው ፊት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

"ውኃ ልቅዳ ብለሽ ከደጅ ወጥተሽ ነበር፣
ነጠላ ነክሼ ሸኘሁሽ ካሸዋ ዳር።"

ሴቶቹ ተነሡ። ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ሁለተኛ ጊዜ ስሟን ስትጠራ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ባልቴት በዱላቸው ቆሙ። "አውቃታለሁ" አሉ። "ከውኃው ሰልፍ ቦታዬን የምትይዝልኝ እሷ ናት። እርጉዝ ነበርኩ፣ መቆም አልችልም ነበር።" እናቴ ወደ ድምፁ ዞረች። እጇን ዘርግታ እየዳበሰች ሄዳ ተቃቀፉ። ሰብሳቢው ጭራቸውን አላወረዱም። ማሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ ራሱን አጠፋ፣ ለቅሶው ግን አላቆመም።

ማታውን በመኪናዬ ወደ ሮቫ ቫቭ ወሰድኳት። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፣ "እንዴት ነበረች?" አልኳት።

"አላየኋትም ልጄ። ነጭ ነው ያየሁት።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። "ታዲያ አየኋት ያልሽው?"

"ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አላየሁም ብል ማን ያለቅስላታል?"

ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ስለ ጉሙም፣ ስለ ማዝጋኑም፣ መጨረሻ ስላደረግኋትም ሁሉንም ዘረገፍኩት። እምቢ ማለት ነበረብኝ አልኳት። ሰማችኝና "እምቢ ብትላቸው ኖሮ የምቆጣህ እኔ ነበርኩ" አለች። ቀጥላ እኒያ ባልቴት እሑድ ሊጠይቋት እንደሚመጡ ነገረችኝ። አለቀሱልኝ፣ ደረሱልኝ እያለች የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ ታሻሽ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ማትናሱ ባዶ ሳለ ገባሁ። ፕሮጀክተሩን ፈታሁት። መስተዋቱን በአልኮል ስጠርገው ጨርቁ እየተጣበቀ መጣ፤ ያው ጣፋጭ ሽታ። ሌንሱን ከውስጥም ከውጭም አጸዳሁ፣ አዲስ ማጣሪያ አደረግሁ፣ በሮቹን ዘግቼ ሠላሳ አንደኛውን አወጣሁ።

እህቴ መጣች። ቅንድቧ ሳይቀር ይቆጠራል። በአንድ ዓይኗ ትንሽ ትሥቃለች፣ በፊት አላየሁትም ነበር። የሻሿ አስተሳሰር የእናቴ የዛሬም አስተሳሰር ነው። ለእናቴ ስልክ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ወጣች። ጥርት ብላ ወጥታለች። አሁኑኑ መጥቼ ልውሰድሽ።"

ከዚያ "ሰው አለ እዚያ?" አለችኝ።

"የለም፣ ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው አጥፋው ልጄ" አለች። "ለብቻህ አትያት።"

አጠፋሁት። ፕሮጀክተር ከጠፋም በኋላ ማራገቢያው ጥቂት ይነፍሳል፤ እሱ ዝም እስኪል ድረስ ጨለማው ውስጥ ቆምኩ።